አቧራና የእጅ ስልክ በፎገራ ሜዳ

ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ውኃ የሚያለብሱት፣ በበጋ ደግሞ ፀሐይ አድርቃ የምትሰነጥቀው የፎገራ ሜዳ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተዘርግቶ የሚገኝ ሲሆን፣ ነዋሪው ከሰኔ እስከ መስከረም በጭቃ፣ ከጥር እስከ ግንቦት በአቧራ ሲማረር የኖረ ነው። አያቶቻችን የሚማረሩት ዓይናቸው ስለ ቀላና ነጭ ልብሳቸው ስለ ቆሸሸ ነበር፤ ዛሬ ግን በወረታ ከተማ አቧራ አብዝቶ የሚወቀሰው በእጅ ስልክ፣ በላፕቶፕና በቴሌቪዥን ምክንያት ነውና፣ ባሕርይው ምን እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሚገባና በምን ጥበብ እንደሚወጣ ከአንባቢ ጋር ማስተዋወቅ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የወረታ አቧራ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። የሜዳው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲርስ እግር ይዞ አልለቅም ይላል፣ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ የከብት ኮቴና የባጃጅ ጎማ ሲደቁሰው ደግሞ ወደ ረቂቅ ብናኝ ይለወጣል። የዋልካ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር የምታንስ ስለሆነች፣ ሠላሳ ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንዲት ጠጉርን ውፍረት ቢሞሉ ነው። ሁለተኛው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚገነጠለው ጎዳና ዳርና ከውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚነሣው ሻካራ አሸዋማ አቧራ ነው፤ በአገራችን መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋልና ስለ እርሱ ብዙ አንልም።

ሦስተኛው ግን ከሩዝ ጋር የመጣ እንግዳ ነው። ሩዝ በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የኅብረት እርሻዎች ተጀምሮ በሜዳው ከተስፋፋ፣ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ አዝመራው ተሰብስቦ ወደ መፈተጊያ ወፍጮ ቤቶች በሚጎርፍበት ወራት፣ ከወፍጮው የሚወጣው እብቅ በአካባቢው ጣራና ቅጠል ላይ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይሰፍራል። የሩዝ ቅርፊት ከክብደቱ ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ የሚሆነው ሲሊካ ነው፤ ይኸውም የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር በመሆኑ የወፍጮውን ብረት ሳይቀር ቀስ በቀስ ይበላዋል። ብረት የሚበላ ነገር ለስልክ መስታወት ይራራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

የእጅ ስልክ በበኩሉ፣ ለመናገር፣ ለመስማትና ኃይል ለመቀበል የግድ ኆኅት የሚያስፈልገው መሣሪያ ስለሆነ፣ ጠላቱም የሚገባው ባለቤቱ በየቀኑ በሚገለገልበት በዚያው በር ነው። የድምፅ ማውጫው ወንፊት በእብቅ ሲደፈን ደዋዩ ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገር ይመስላል፤ የማይክሮፎኑ ቀዳዳ ሲዘጋ ደግሞ ባለቤቱ እየጮኸ ሌላው «አይሰማም» ይለዋል። ከሁሉም የባሰው ግን የቻርጀር መሰኪያው ነው፤ ምክንያቱም ኪስ ውስጥ ሲውል የጋቢና የሱሪ ክር፣ የዋልካ ብናኝና እብቅ በአንድነት ይከማቹበታል፣ ቻርጀሩ በተሰካ ቁጥርም ወደ ውስጥ እየተጠቀጠቁ ይጠነክራሉ።

በገበያው ዳር ካሉት የሞባይል ጠጋኞች ባንዱ ዘንድ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስልካቸውን አውጥተው፣ «ልጄ፣ ቻርጅ አልይዝ ብሎኛል፤ ባትሪው ሞቶ ይሆናል፣ ሌላ አስገባልኝ» ሲሉ ሰምተናል። ጠጋኙ ስልኩን አጥፍቶ መሰኪያውን ወደ ብርሃን አዘነበለና፣ «እፍ ብለውበታል እንዴ አባ?» አላቸው። «ታዲያ ሌላ ምን ላድርግ?» አሉት። ልጁም የእንጨት ስንጥር አንሥቶ በመሰኪያው ጥግ በኩል በዝግታ እየጎረጎረ፣ እንደ ብርድ ልብስ የተዳወረች፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ግራጫ ጓል አወጣ፤ ቀጥሎም በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ ቻርጀሩን ሲሰካው፣ ቀድሞ በከፊል ብቻ ይገባ የነበረው ጫፍ ጠቅ ብሎ ተቀመጠና የስልኩ መብራት በራ። ባትሪው ምንም አልነበረበትም።

የልጁ ጥያቄ ያለ ምክንያት አልነበረም። የሰው እስትንፋስ እርጥበት ስላለው፣ ዋልካም ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥና የሚጣበቅ ስለሆነ፣ በአፍ የሚነፋ ሰው በመሰኪያው ውስጥ ጥቂት ጭቃ አቡክቶ ያደርቃል። በመርፌ የሚጎረጉሩትም አሉ፤ ብረት ግን የውስጡን ቀጫጭን ጥርሶች ያጣምማል፣ ስልኩ ካልጠፋም ሁለቱን አገናኝቶ ሊያቃጥል ይችላል። በእኛ አስተያየት በዚህ ሜዳ ብዙ ስልክ የሚበላሸው በአቧራው ሳይሆን በአጠራረጉ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ፍሬድሪክ ሞህስ በ1812 እ.ኤ.አ. ማዕድናትን በጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ሲመድብ ለኳርትዝ፣ ማለት ለአሸዋው ዋና ቅንጣት፣ 7 ሰጥቶታል፤ ተራ መስታወት ግን ከ6 አያልፍም። ስለዚህ ስልኩን በነጠላው ጫፍ ወይም በሸሚዙ እጅጌ ፈትጎ የሚያብረቀርቅ ሰው፣ ለማጥራት ሲል በገዛ እጁ ይሞርደዋል። ይልቅስ አስቀድሞ ብናኙን ገልብጦ ማራገፍ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ በመጨረሻም በጥቂቱ በራሰ የጥጥ ጨርቅ ሳይጫኑ ማበስ ይሻላል።

የላፕቶፕ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት መገኘቱን፣ ጤናውም በመስማማታቸው መሆኑን ያስተምራሉ፤ በላፕቶፕ ውስጥ የሚሆነውም መሬት ነፋስን ዘግቶ እሳትን ማንገሡ ነው። ማራገቢያው ሙቀቱን የሚያስወጣባቸው ስስ የብረት ክንፎች በአቧራ ሲደፈኑ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱም ቫይረስ ገባበት ብሎ ይጨነቃል። ጎሚስታ ዘንድ ወስደው በኮምፕሬሰር የሚያስነፉ ሰዎች አሉ፤ የኮምፕሬሰር አየር ግን የውኃና የዘይት ጠብታ ይዞ ሊወጣ ይችላል፣ ማራገቢያውም በጣት ካልተያዘ ከልኩ በላይ ተሽከርክሮ ይጎዳል። በቴሌቪዥን ላይ የሚጣለው ዳንቴል ጌጥነቱ ባይካድም፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ሳለ ከጀርባው ያለውን የሙቀት መውጫ እንዳይሸፍን መጠንቀቅ ይገባል።

በወፍጮ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው መያዛቸው የሚያስቅ ቢመስልም ከብዙ ውድ ከቨር ይበልጣል፤ ከቨር ጠርዝ ሥር የገባ አሸዋ ወጥቶ ስለማያልቅ ጀርባውን ሲፍቅ ይኖራልና። ገንዘብ ያለው ሰው «አይ ፒ» የሚል ምልክትና ሁለት አኃዝ የተጻፈበትን ስልክ ይገዛል፤ የመጀመሪያው አኃዝ የአቧራ፣ ሁለተኛው የውኃ ነው። 5 ሲሆን አቧራ ቢገባም ሥራ አያውክም ማለት ነው፤ 6 ሲሆን ደግሞ ዕቃው የደቀቀ ታልክ በሚበንበት ሣጥን ውስጥ እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ምንም ያልገባበት ፍጹም ኅቱም ነው ማለት ነው። ሆኖም ስልኩን ኅቱም የሚያደርገው በአብዛኛው በጠርዙ የተቀባው ሙጫ ስለሆነ፣ መስታወቱ ተሰብሮ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ሙጫው በሥርዓቱ ካልታደሰ 6 የተባለው አኃዝ በካርቶኑ ላይ ብቻ ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ስልክ የሚያስጠግን ሰው ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ስለ ሙጫው ይጠይቅ።