ስለ ንግድ መዝገብና ስለ አስተዋይ ነጋዴ

ንግድ በገንዘብ ብቻ አይጸናም። ነጋዴ ምን እንደ ሸጠ፥ ምን እንደ ቀረው፥ ገዢውም ነገ ምን እንደሚፈልግ ካላወቀ፤ ገንዘቡ ምንም ቢበዛ ቀስ በቀስ ከእጁ ይወጣል። ስለዚህ ታላላቆች ኩባንያዎች የሽያጫቸውን ሒሳብ በየዕለቱ ሰብስበው ይመረምራሉ። ይህም የንግድ መረጃ ይባላል። ዳሩ ግን መረጃ የሰበሰበ ሁሉ ተጠቀመበት ማለት አይደለም።

ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆነው በጃፓን አገር ያለው ሰቨን ኢለቨን የተባለው የሱቆች ኩባንያ ነው። ኩባንያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ተቋቁሞ፤ በ1974 የመጀመሪያውን ሱቅ በቶክዮ ከተማ ከፈተ። ሱቆቹ ጠባቦች ሲሆኑ በእያንዳንዱ ወደ 3000 የሚጠጋ ልዩ ልዩ ዕቃ ይሸጣል። ብዙው የሚበላ ነገር ስለ ሆነ፤ ተርፎ ያደረው ይበላሻል፤ አንሶ የቀረበውም ቶሎ ያልቃል። በሁለቱም ወገን ኪሳራ አለ።

በ1982 ኩባንያው እያንዳንዱ ዕቃ ሲሸጥ ዓይነቱንና ሰዓቱን የሚመዘግብ መሣሪያ በሱቆቹ ማቆም ጀመረ። ኩባንያውን ይመሩ የነበሩት ቶሺፉሚ ሱዙኪ ግን መዝገብ የትላንትን ገዢ እንጂ የነገን እንደማያሳይ ሠራተኞቻቸውን ያስተምሩ ነበር። ስለዚህም በየሱቁ ያለው ሠራተኛ የነገውን ፍላጎት አስቀድሞ ገምቶ ዕቃ እንዲያዝ፤ ኋላም ግምቱን ከመዝገቡ ጋር እንዲያስተያይ አደረጉ።

ለምሳሌ ያህል፤ አንድ ሱቅ በባሕር ጠረፍ ዓሣ ከሚጠመድበት ስፍራ አጠገብ ቢኖር፤ ነገም የዕረፍት ቀን ቢሆን፥ ሰማዩም ብሩህ እንደሚሆን ቢነገር፤ አስተዋይ ሠራተኛ ብዙ ሰዎች ምሳቸውን ይዘው በማለዳ ወደ ባሕሩ እንደሚወርዱ ያስባል። በፀሐይ ስለሚውሉም፤ በመካከሉ በጨው የተቀመመ ኮምጣጣ ፍሬ ያለበትን፥ ቶሎ የማይበላሸውን የሩዝ ድቡልቡል አብዝቶ ያዛል። ማታ መዝገቡን ሲመለከት ግምቱ እውነት ወይም ስሕተት መሆኑን ያያል። እውነት ቢሆን ለሌላ ጊዜ ይይዘዋል፤ ስሕተት ቢሆን ምክንያቱን ይፈልጋል።

መዝገብ የማይጽፈው ነገርም አለ። ከአንድ ሱቅ 20 ዳቦ እስከ ቀትር ተሸጦ ቢያልቅ፤ መዝገቡ 20 ብቻ ያሳያል። ከቀትር በኋላ መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ሰዎች ግን በመዝገቡ የሉም። ቁጥሩን ብቻ የሚያምን ነጋዴ ለነገም 20 ያዛል፤ እንዲህም እያደረገ ገዢዎቹን ለጎረቤቱ ያስረክባል። አስተዋዩ ግን ዳቦው ያለቀበትን ሰዓት ተመልክቶ ቁጥሩን ያበዛል።

እንግዲህ በንግድ መረጃ በሚገባ ለመጠቀም አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

መጀመሪያ፤ መዝገቡ ሳይጓደል፥ ሳይጨመርበትም በየዕለቱ ይጻፍ።

ሁለተኛ፤ መዝገቡ ከመገለጡ በፊት የሚፈለገው ነገር ምን እንደ ሆነ ይታወቅ።

ሦስተኛ፤ ቁጥሩ በአለቃው ሣጥን ተቆልፎ አይቅር፤ ሥራውን ለሚሠራው ሰው ይድረስ።

አራተኛ፤ ኪሳራን የሚያሳይ ቁጥር ያመጣ ሠራተኛ ስለ እውነተኛነቱ አይቀጣ፤ ከተቀጣ ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ቁጥር የሚያመጣ አይገኝምና።

ይህ ጥበብ ለታላላቅ ኩባንያ ብቻ የተሰጠ አይደለም። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበርም የገበያውን ዋጋ፥ የሸጠውን እህል፥ ፈልጎ ያጣውንም ገዢ በየሳምንቱ ቢጽፍ፤ እህሉን መቼ ማቆየት፥ መቼስ መሸጥ እንደሚሻል ከቀድሞው ይልቅ አጣርቶ ይወስናል። አስተማሪም ተማሪዎቹ የአንዱን እህል ዋጋ በየገበያው ቀን እንዲጽፉ፥ የሚመጣውንም ሳምንት አስቀድመው እንዲገምቱ ቢያዛቸው፤ ሒሳብንና ማስተዋልን በአንድነት ይማራሉ። ሽማግሌዎች ደግሞ የዝናቡን፥ የበዓሉንና የመከሩን ጊዜ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፤ ዋጋው ስለ ምን እንደ ወጣና እንደ ወረደ ለልጆቹ ሊያስረዱ ይችላሉ። ምክንያቱ ያልታወቀ ቁጥር ለባለቤቱ አይጠቅመውምና።