የተለወጠውን ብቻ መገልበጥ፤ በሁለት ሰርቨሮች መካከል መጠባበቂያ ቅጂ ስለ ማኖር

በአንድ ስፍራ ብቻ የተቀመጠ ጽሑፍ ከጥፋት የሚድነው በዕድል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ፥ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፥ ሌላው በአሜሪካ አገር በኮሌጅቪል መቀመጡ ለጥንቃቄ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ዛሬ የምርምር ውጤታችን የሚቀመጠው በሰርቨር ነው። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተራራቁ ስለ ሆኑ፥ ዋናው ሰርቨር በሀዋሳ፥ ተጠባባቂው በወንዶ ገነት ቢሆን፥ አንዱን እሳት ቢያገኘው ሌላው ይተርፋል። ነገር ግን ሁሉን በየቀኑ መገልበጥ መስመሩንም ዲስኩንም ያጨናንቃል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው፥ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሩ ትሪጀልና ፖል ማከራስ በአውስትራሊያ ያወጡት አርሲንክ የተባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የየፋይሉን መጠንና የተለወጠበትን ጊዜ ያነጻጽራል፤ ልዩነት የሌለበትን ያልፈዋል። ፋይሉ ተለውጦ ሲገኝ ደግሞ ተቀባዩ የቀድሞውን ቅጂ በክፍል በክፍል ከፍሎ የየክፍሉን መለያ ቁጥር ይልካል፤ ላኪውም ከራሱ ጋር አመሳክሮ ያልተገኘውን ክፍል ብቻ ይሰዳል።

ሥራው ያለ ሰው እጅ እንዲካሄድ፥ ክሮን የተባለው ሰዓት ጠባቂ ፕሮግራም በየሌሊቱ፥ ለምሳሌ በ8 ሰዓት፥ ትእዛዙን እንዲያስጀምር ይደረጋል። ጥሪው ከተጠባባቂው ሰርቨር ቢመጣ ይሻላል፤ ዋናውን ሰብሮ የገባ ሰው በዚያው መንገድ ቅጂውን ለማጥፋት አይችልምና።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሁለቱ ሰርቨሮች ፍጹም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ከታዘዘ፥ አንድ ተማሪ ማታ በስሕተት የሰረዘው የመመረቂያ ጽሑፍ በሌሊቱ ከተጠባባቂውም ላይ ይሰረዛል። እንዲህ ያለው መስተዋት እንጂ መጠባበቂያ አይደለም። ስለዚህ ለየቀኑ ቀን የተጻፈበት ማኅደር ሊኖር ይገባል፤ ያልተለወጠው ፋይል እንደገና ሳይገለበጥ ከቀድሞው ጋር ብቻ ይያያዛል። 20 ጊጋባይት መረጃ አለን፥ በየቀኑ የሚለወጡት ፋይሎችም 200 ሜጋባይት ናቸው እንበል። ሁሉን ብንገለብጥ በ30 ቀን 600 ጊጋባይት ይፈጃል፤ በዚህኛው ዘዴ ግን 25.8 ብቻ ይበቃል።

በመጨረሻም፥ ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ እንደ ተቀመጠ አይቈጠርም። በየወሩ ጥቂት ፋይሎችን ከተጠባባቂው መልሶ፥ ከፍቶ ማየት የሥራው አንድ ክፍል ሊሆን ይገባል።