የመጀመሪያ የዒላማ ሽጉጥ፦ የትኛው፣ ለምን፣ በምን ፈቃድ?

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የፓሪስ ኦሊምፒክ ሲካሄድ፣ ከሯጮቻችን ሌላ በግቢያችን መነጋገሪያ የሆነ አንድ ሰው ነበር። ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ የተኳሾችን ልዩ መነጽር እንኳ ሳያደርግ፣ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ቡድን የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ከዚያ ወዲህ «ዒላማ መተኮስ ብጀምር የመጀመሪያ ሽጉጤ የትኛው ይሁን?» የሚል ጥያቄ በካፌም በመኝታ ክፍልም አልፎ አልፎ ይሰማል። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም እንደ ስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች በቁም ነገር ልንመልሰው ይገባል ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንረዳ። ሰውዬው የያዘው ሽጉጥ ባሩድ የለውም። በታመቀ አየር የምትወረወር ውፍረቷ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች የእርሳስ ፍሬ ናት የምትወጣው። በግል ውድድር አንድ ተኳሽ በ75 ደቂቃ 60 ጊዜ ይተኩሳል፣ ሽጉጡንም በአንድ እጅ ብቻ ነው የሚይዘው። አሥር ነጥብ የምታሰጠው የመሐል ክብ 11.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አላት፤ የሸሚዝ ቁልፍ ማለት ናት። ታዲያ ይህቺን ቁልፍ ከ10 ሜትር ለመምታት የሚያስፈልገው ጉልበት ሳይሆን ትክክለኛነት ነው። ሽጉጥ አመራረጡም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ብዙ ሰው ሽጉጥ ሲባል የሚታየው አጭር፣ ከባድ፣ ወገብ ላይ የሚታጠቅ ነገር ነው። ለዒላማ ግን ማጠር ጉዳት አለው። ምክንያቱ ተራ ጂኦሜትሪ ነው። በኋላና በፊት ማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ባጠረ ቁጥር የእጅ ስህተት ይጎላል። ሁላችንም በስም የምናውቀውን የሶቪየቱን ማካሮቭ እንውሰድ፤ በማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የፊተኛው ማነጣጠሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ ፍሬው 10 ሜትር ላይ ሲደርስ ከመሐሉ ወደ 77 ሚሊ ሜትር ይርቃል። በኦሊምፒኩ ወረቀት ላይ ይህ የመጨረሻው ክብ ጠርዝ ነው፤ 1 ነጥብ፣ ያውም ከተገኘ። ርቀቱ 36 ሴንቲ ሜትር በሆነ የዒላማ አየር ሽጉጥ ያው የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት ወደ 28 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ይኼ ደግሞ 7 ነጥብ ነው። ተኳሹ ያው፣ ስህተቱ ያው፤ የተለየው መሣሪያው ብቻ።

ሁለተኛው ነገር ርግጫ ነው። ባሩድ ያለው ሽጉጥ ሲፈነዳ እጅን ይመታል፣ ጆሮንም ያደነቁራል። ጀማሪ ከጥቂት ጥይት በኋላ ፍንዳታውን ቀድሞ መጠበቅ ይጀምራል። ቃታው ሳያልቅ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፈሙዙን ወደ ታች ይደፍቃል። ይህ አመል አንዴ ከያዘ ማስለቀቁ አበሳ ነው። ለዚህ ነው ባሩድ ባለው ሽጉጥ መጀመር የፈለገ ሰው በሌላው ዓለም በ5.6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በተለምዶ «ፖይንት ትዌንቲ ቱ» በሚባለው ጥይት እንዲጀምር የሚመከረው። የዚህ ጥይት ጉልበት የማካሮቭን ጥይት ግማሽ አይሞላም። ቢሆንም መጫወቻ አይደለም፤ ዒላማውን የሳተ ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ከዒላማው ጀርባ ጥይት የሚይዝ የአፈር ግድግዳ ከሌለ አይተኮስም። የአየር ሽጉጥም ቢሆን ዓይን ያጠፋል።

ቃታውንም ማየት ያስፈልጋል። በውድድር ደንብ የአየር ሽጉጥ ቃታ ቢያንስ 500 ግራም ክብደት መሸከም አለበት፤ ከዚህ የቀለለ አይፈቀድም። የወገብ ሽጉጥ ቃታ ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ የከበደ ነው፤ ያ ክብደት ድንገት እንዳይተኮስ ታስቦ የተደረገ ስለሆነ ጥፋት አይባልም። ለዒላማ ሲሆን ግን ጣት በታገለ ቁጥር እጅ ይነቃነቃል።

እንግዲህ ቱርክ ካልን አይቀር፣ «የቱርክ ሽጉጥ» ሲባል በአገራችን የሚታወቀው የዲኬች ዓይነቱ አይደለም። በኮንትሮባንድ ከሚገቡት መካከል መጀመሪያውኑ ለድምፅ ብቻ የተሠሩ፣ በኋላ አፈሙዛቸው ተበስቶ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተደረጉ አሉ። የእነዚህ አካል ብዙውን ጊዜ ከብረት ሳይሆን በቀላሉ ከሚቀልጥ የዚንክ ቅይጥ የተሠራ ነው። የባሩድን ግፊት እንዲችል ታስቦ ስላልተሠራ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አፈሙዙም በቅጡ ስላልተሰረሰረ ጥይቱ የሚሄድበት አይታወቅም። በአጭሩ፣ ለዒላማ ከዚህ የባሰ ምርጫ የለም። ደግሞም «ርካሽ ነው፣ ለልምምድ ይሆነኛል» ተብሎ በጓደኛ ጓደኛ በኩል የሚገዛው ይኸው ነው።

ዋጋው ደግሞ በብር ብቻ አይቆጠርም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 481 ሕገ ወጥ የመሣሪያ ዝውውር በእስራት ያስቀጣ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ጉዳዩን ይበልጥ አጠበቀው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መግዛት፣ መሸጥ፣ ማዘዋወር ወንጀል ነው፤ ቁጥጥሩም ለፌዴራል ፖሊስ ተሰጥቷል። «ለስፖርት ነው የገዛሁት» የሚለው መልስ ፈቃድን አይተካም። አዲስ አበቤ ስለ እስር ሲያወራ «ቃሊቲ» ብሎ ማለፉ የተለመደ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ከታሳሪው እኩል የሚያውቀው በየሳምንቱ ስንቅ ቋጥሮ ወደ ከተማዋ ደቡብ ጫፍ ሲመላለስ የኖረው ቤተሰብ ነው። ለአንድ ወረቀት ዒላማ ሲባል እናትን በዚያ በር ላይ ማሰለፍ አይገባም።

በገጠር መሣሪያ የክብር ዕቃ ሆኖ የቆየበትን ባህል አልዘነጋሁትም፣ በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮሱንም ጭምር። ያ ግን ዒላማ የለውም፤ የወጣው ጥይት ተመልሶ የሚወርድበትን የሚያውቅም የለም።

ስለዚህ ለጀማሪ የእኔ ምርጫ የአየር ሽጉጥ ነው፣ ያውም ረዘም ያለና ቃታው የሚስተካከል። እዚህ ላይ ግን አየር ስለሆነ ብቻ ሕግ አይመለከተውም ብሎ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ማስላክ አይገባም፤ አስቀድሞ ፖሊስንና ጉምሩክን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይሻላል። ሽጉጡ ከእጅ ጋር መስማማቱንም ማየት ነው። የዒላማ እጀታ ለቀኝ ወይም ለግራ እጅ ተለይቶ ይሠራል፤ ግራኝ የሆነ ሰው የቀኙን ገዝቶ ቢታገል ትርፉ ድካም ነው። እጅስ ይለምዳል፤ ሃንጋሪያዊው ካሮይ ታካች እ.ኤ.አ. በ1938 ቀኝ እጁን የእጅ ቦምብ ከጎዳው በኋላ በግራው ተለማምዶ በ1948 እና በ1952 ኦሊምፒክ በፈጣን ተኩስ ወርቅ ወስዷል።

መሣሪያው እስኪገኝ ድረስም ሥራ አለ። አንድ ኪሎ የሚሆን ዕቃ፣ ለምሳሌ ውኃ የሞላ የአንድ ሊትር ፕላስቲክ፣ በአንድ እጅ ይዞ ክንድን ዘርግቶ ግድግዳ ላይ ያለች ነጥብ እያዩ 15 ሰከንድ መቆም፣ አውርዶ ማረፍ፣ እንደገና ማንሳት። ይህን 60 ጊዜ የጨረሰ ሰው ትከሻው የሚነግረውን ይስማ፤ ዲኬች እጁን ኪሱ የከተተው ለማማር ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል፣ ሥራ የፈታው እጅ ሲወዛወዝ ሰውነት አብሮ ይወዛወዛልና።