ገዝተነው ያልገዛነው ሶፍትዌር

በአማርኛ «ገዛ» የሚለው ግስ ሁለት ሥራ አለው። ዕቃ በገንዘብ ሲወሰድ «ገዛ» ይባላል፤ አገር ሲያስተዳድሩም «ገዛ» ይባላል። «የገዛ ቤቴ»፣ «የገዛ እጄ» ስንል ደግሞ የራሴ፣ ሌላ ሰው የማያዝበት ማለታችን ነው። በሬ የገዛ ገበሬ ጠምዶ ሊያርስ ሲል የቀድሞውን ባለቤት አያስፈቅድም። ሶፍትዌር ስንገዛ ግን እነዚህ ትርጉሞች ይለያያሉ። ገንዘቡን እንከፍላለን፣ ማዘዙ ሻጩ ዘንድ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን የሚረዳው ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ አልከፈት ሲለው ነው።

ነገሩን የፎቶሾፕ አምራች በሆነው በአዶቢ ታሪክ ማስረዳት ይቀላል፤ ፎቶሾፕ የሠርግ አልበም ከሚያዘጋጀው ፎቶ ቤት እስከ ማተሚያ ቤቱ ድረስ የታወቀ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፎቶሾፕ ሲኤስ6 ለብቻው በአሜሪካ 699 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሁሉንም ፕሮግራሞች የያዘው ማስተር ኮሌክሽን 2,599 ዶላር ነበር። ዋጋው ከባድ ነው፤ ሒሳቡ ግን አንዴ ይዘጋል። አዲስ እትም ሲወጣ ባለቤቱ ከፈለገ ጨምሮ ያሻሽላል፣ ካልፈለገ በአሮጌው ይሠራል። በሜይ 2013 ኩባንያው ከሲኤስ6 ቀጥሎ የሚሸጥ እትም እንደማይኖር አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ አዲሶቹ ፕሮግራሞች የሚገኙት ክሪኤቲቭ ክላውድ በተባለው ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ሆነ። ሁሉንም ለመጠቀም በዓመት ውል በወር 50 ዶላር ገደማ ነበር። ክፍያው ሲቆም ፕሮግራሙ ይቆማል። የሠሯቸው ፋይሎች ኮምፒውተርዎ ላይ ይቀራሉ፤ እነሱን በደንብ የሚከፍተው ፕሮግራም ግን ተቆልፏል።

ይህ ለውጥ በድንገት የመጣ አይደለም። ከዚያ በፊት በዲስክ የተሸጠውም ሶፍትዌር ከሻጩ ጋር በቀጭን ክር ታስሮ ነበር። ክሩ አክቲቬሽን ይባላል። ፕሮግራሙን ኮምፒውተር ላይ ሲጭኑት በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሰርቨር መልእክት ይልካል፤ ሰርቨሩ የሲሪያል ቁጥሩን አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። የተፈለሰፈው አንድ ሲዲ ለመቶ ሰው እንዳይገለበጥ ነው፤ ያ ስጋት እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ክራክ የተደረገው፣ ማለትም ቁልፉ የተሰበረው ቅጂ ማንንም አያስፈቅድም። ፈቃድ ሲለምን የሚኖረው ገንዘብ የተከፈለበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሲኤስ2 የተባለው የአዶቢ እትም የደረሰበትን እንመልከት። በ2012 መጨረሻ አዶቢ የሲኤስ2 አክቲቬሽን ሰርቨርን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደረገ ገዢ ዲስኩም ሲሪያል ቁጥሩም በእጁ እያለ በሩ ይዘጋበታል፤ «ይግባ» የሚለው ዘበኛ ከቦታው የለምና። አዶቢ አክቲቬሽን የማይጠይቅ ቅጂ አዘጋጅቶ ለቀድሞ ገዢዎች አቀረበ፤ ይህን ማድረጉ ተገቢ ነበር። ሆኖም መፍትሔው የመጣው ከሻጩ በጎ ፈቃድ ነው። ገዢው በራሱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አልነበረም።

አንዳንዴ ፕሮግራሙ ማንም ሳይነካው ያረጃል። በኦክቶበር 2019 አፕል ካታሊና የተባለውን የማክ ስርዓት ሲያወጣ፣ በ32 ቢት የተሠሩ የቆዩ ፕሮግራሞች በሙሉ መከፈት አቆሙ። ከሲኤስ6 ቤተሰብ ብዙዎቹ ክፍሎች በዚህ ተያዙ። እዚህ ላይ ሻጩን ብዙ መውቀስ አይቻልም፤ ኮምፒውተር ይለወጣል፣ አሮጌውን ሁሉ ለዘላለም መሸከም ወጪ አለው።

እኔን ይበልጥ የሚቆረቁረኝ የ2022ቱ የፓንቶን ጉዳይ ነው። ፓንቶን ለቀለም ቁጥር የሚሰጥ ድርጅት ነው። ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የምናየው ቀይ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ሌላ ቀይ ሊሆን ስለሚችል፣ ዲዛይነሩና አታሚው በፓንቶን ቁጥር ይግባባሉ። የባንክ ዓርማ፣ የመጠጥ ጠርሙስ ወረቀት፣ የማሸጊያ ካርቶን ቀለም በየጊዜው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚወጣው በዚህ ነው። እነዚህ የቀለም መዝገቦች ለብዙ ዓመታት ፎቶሾፕ ውስጥ አብረው ይመጡ ነበር። በሁለቱ ኩባንያዎች መካከል የነበረው የፈቃድ ስምምነት ሲለወጥ፣ አብዛኞቹ መዝገቦች ከፕሮግራሙ ወጡ። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎች የቆየ ሥራቸውን ሲከፍቱ የፓንቶን ቀለም የነበረበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ጠበቃቸው። ቀለሙን ለመመለስ ለፓንቶን በወር 15 ዶላር ገደማ ተጨማሪ መክፈል ተጠየቁ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ለአዶቢ በየወሩ እየከፈሉ ነበር፣ ፋይሉም የገዛ እጃቸው ሥራ ነው። እነሱ ባልፈረሙት ውል የገዛ ሥራቸው ጠቆረባቸው።

ይህ ሁሉ ሕጋዊ የሚሆነው እንዴት ነው? ፕሮግራም ስንጭን ሳናነብ «እስማማለሁ» የምንለው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ፣ የተሰጠን ዕቃው ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። እዚህ አገር መሐንዲሱም አርክቴክቱም የሚያውቀው የንድፍ ፕሮግራም አውቶካድ ይህን ጉዳይ አሜሪካ ፍርድ ቤት አድርሶታል። አንድ ሻጭ ያገለገሉ የአውቶካድ ዲስኮችን ኢቤይ ላይ ሲሸጥ አምራቹ አውቶዴስክ ከለከለው። ሰውዬው ያገለገለ መጽሐፍ እንደሚሸጥ ሁሉ ያገለገለ ዲስክም ይሸጣል ብሎ ተከራከረ፤ በመጀመሪያው ፍርድ ቤትም ረታ። በ2010 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው፤ የመጀመሪያው ደንበኛ የወሰደው ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት ስላልሆነ መልሶ ሊሸጥ አይችልም አለ። በ2012 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከሶፍትዌር አምራቹ ኦራክል ጋር በተያያዘ ክስ ሌላ መንገድ ያዘ፤ የጊዜ ገደብ የሌለው ፈቃድ በገንዘብ ከተሰጠ ሽያጭ ነው፣ ገዢውም መልሶ ሊሸጠው ይችላል ሲል ወሰነ። ለጊዜ የተወሰነ ኪራይ ግን በዚህ ውሳኔ አይሸፈንም።

ኩባንያዎቹ ወደ ወርሃዊ ክፍያ የሄዱት በገንዘብ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱም ከንቱ አይደለም። ጥሩ ፕሮግራም አንዴ የገዛ ሰው አዲሱን እትም ለመግዛት አይቸኩልም፤ አሮጌው ይበቃዋል። ስለዚህ ሻጩ በየጊዜው ከራሱ የትናንት ሥራ ጋር ይወዳደራል። በሌላ በኩል የደኅንነት ቀዳዳ መድፈንና ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ማስማማት የማያቋርጥ ሥራ ነው። በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ሁለቱንም ይፈታል። የአዶቢ ዓመታዊ ገቢ በ2013 ከነበረበት 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ2024 ከ21 ቢሊዮን በላይ ደርሷል። ለአንዳንድ ተጠቃሚም ጠቅሞታል፤ ፎቶሾፕንና ሌላውን የፎቶ ፕሮግራም ላይትሩምን በወር 10 ዶላር ማግኘት 699 ዶላር በአንዴ ለማይችል ወጣት ትልቅ ነገር ነበር። ኪራይ በራሱ ነውር የለበትም። የሚያሳዝነው ምርጫው መዘጋቱ ነው፤ መከራየት ለሚፈልግ ኪራይ፣ መግዛት ለሚፈልግ ግዢ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችሉ ነበር። ማይክሮሶፍት ዛሬም ኦፊስ 2024ን በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጣል፣ ከማይክሮሶፍት 365 ምዝገባው ጎን።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ባለሙያ ኪራዩ ሌላ ሸክም ይጨምራል። በየወሩ ዶላር የሚቆርጥ ካርድ ማግኘት ለአብዛኛው ሰው ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ውጭ አገር ያለ እህት ወይም ወንድም በራሱ ካርድ ይከፍልለታል። የዘመዱ ካርድ ጊዜው ያለፈ ዕለት አዲስ አበባ ያለው ሥራ ይቆማል። የምንዛሪውም ነገር አለ። በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 50 ዶላር የሚከፍል ሰው ዋጋው በዶላር አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ከ2,850 ብር ወደ 5,000 ብር በላይ ዘለለበት ማለት ነው። አንዴ የተገዛ ዲስክ ላይ የዶላር መውጣት ምንም አያደርግም።

ፖለቲካም በዚህ ክር ይጎትታል። በኦክቶበር 2019 አዶቢ የአሜሪካ መንግሥትን ማዕቀብ ጠቅሶ ቬንዙዌላ ውስጥ ያሉ ደንበኞቹን አካውንት በሙሉ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዚያው ወር ከመንግሥት ልዩ ፈቃድ አግኝቶ ውሳኔውን ቀለበሰ። ካራካስ ያለ ዲዛይነር ግን በእነዚያ ሳምንታት እንጀራው ዋሽንግተን ላይ ሲወሰን ተመልክቷል።

ለሶፍትዌር ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ማየት ይጠቅማል። አንደኛው ፕሮግራሙ ያለ ኢንተርኔት ምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራ ነው። ኢንተርኔቱን ነቅለው ይሞክሩት፤ የሚጠይቀው ሰርቨር ካለ ውሎ አድሮ ይታወቃል። ሁለተኛው የውሉ ዓይነት ነው። «በወር ይህን ያህል» ተብሎ የተጻፈ ዋጋ የዓመት ውል ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካ መንግሥት በጁን 2024 አዶቢን የከሰሰው ውል ሲያቋርጡ የሚከፈለውን ቅጣት በግልጽ አላሳወቀም፣ መውጫውንም አክብዷል ብሎ ነው። ሦስተኛው የሥራዎ ፋይል ነው። የተጠናቀቀ ሥራን በፕሮግራሙ ልዩ ፎርማት ብቻ አያስቀምጡ፤ ፎቶውን በቲፍ ወይም በጄፔግ፣ ለኅትመት የሚሄደውን በፒዲኤፍ፣ ዓርማውን በኤስቪጂ ደግመው ያኑሩት። እነዚህን እንደ ጂምፕ፣ ኢንክስኬፕና ሊብሬኦፊስ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞችም ይከፍቷቸዋል፤ እነሱም አንዴ ከተጫኑ ማንንም ሳያስፈቅዱ ይሠራሉ።

«መግዛት» በሚለው ቃልም ላይ ሕግ ወጥቷል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲጂታል ዕቃ የሚያቀርብ ድርጅት፣ የሚሰጠው ሊነጠቅ የሚችል ፈቃድ ከሆነ ይህን በግልጽ ሳያሳውቅ «ግዛ» የሚል ቁልፍ ማሳየት ተከልክሏል።