አማና በንግድ መሪነት ውስጥ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉት ሁሉ ላይ ይሁን።



የዛሬው ርዕሳችን የብዙዎቻችንን ቤት በየዕለቱ የሚነካ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ኑሯችንን የምንገፋው በንግድ ነው። አንዱ ከመርካቶ ዕቃ እየጫነ ወደ ክፍለ ሀገር ይልካል፤ ሌላው በሰፈሩ አንድ ሱቅ ከፍቶ ሁለት ልጆችን ቀጥሮ ያሠራል፤ ሌላው ደግሞ በርካታ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ይመራል። ስለ ንግድ ስናወራ ታዲያ ስለ ካፒታል፣ ስለ ዋጋና ስለ ግብር እናወራለን። ንግዱን የሚመራው ሰው በልቡ የያዘው እሴት በሥሩ ያሉትን ሰዎች ምን እንደሚያደርጋቸው ግን እምብዛም አናነሳም። ሁለት ልጆችን ቀጥሮ የሚያሠራ ሰው መሪ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን ጠባቂ እንደሆንንና ስለምንጠብቀው እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። ስለዚህ ጉዳዩ የትላልቅ ድርጅቶች ብቻ አይደለም።

የመሪ መመዘኛው ምንድን ነው?

ቁርኣን ሰውን ለኃላፊነት ስለ መምረጥ ሲነግረን ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ያስቀምጣል። በሱረቱል ቀሰስ ውስጥ ሙሳ (ዐ.ሰ) መድየን በደረሱ ጊዜ ከሁለቱ እህትማማቾች አንዷ አባቷን እንዲቀጥራቸው ስትመክር፣ ለሥራ የሚቀጠር ምርጡ ሰው ብርቱና ታማኝ የሆነው መሆኑን ገልጻለች። በሱረቱ ዩሱፍ ደግሞ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በምድሪቱ ግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾሙ ንጉሡን ሲጠይቁ ያቀረቡት ምክንያት ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን ነው።

በሁለቱም ቦታ ችሎታና አማና አልተለያዩም። ችሎታ ያለ አማና ሲሆን፣ ሒሳብ ዐዋቂው ሁለት መዝገብ ይይዛል፤ አንዱን ለራሱ፣ ሌላውን ለሸሪኩ። አማና ያለ ችሎታ ሲሆን ደግሞ፣ ደጉ ሰው የሰው ገንዘብ ይዞ ሳያውቅ ያከስራል። ኢስላም ከመሪ የሚፈልገው ሁለቱንም ነው። ይሁን እንጂ ችሎታ በሥልጠናና በልምድ ሊጨመር ይችላል፤ አላህን መፍራት ግን በደመወዝ የሚገዛ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሠራተኛም ሆነ ሸሪክ ስንመርጥ ስለ ችሎታው የምንጠይቀውን ያህል ስለ አማናው ልንጠይቅ ይገባናል።

እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ማንን መረጡ?

የሲራ መጻሕፍት እንደሚነግሩን ኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ (ረ.ዐ) በመካ የታወቁ ባለሀብት ነጋዴ ነበሩ። ከቅፍለቱ ጋር ራሳቸው አይጓዙም ነበር። ሰዎች በገንዘባቸው ነግደው ከትርፉ ድርሻ እንዲያገኙ እየተዋዋሉ ያሠሩ ነበር። እስቲ ልብ እንበል! ቅፍለቱ ወደ ሻም ሲሄድ ገንዘቡ ለወራት በሌላ ሰው እጅ ነው። የሚቆጣጠር ስልክ የለም፤ የባንክ ደረሰኝ የለም። እንዲህ ላለ ነጋዴ የሚልከው ሰው እውነተኛነት የሀብቱ ዋና ዋስትና ነው።

ስለዚህም ስለ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኛነትና ታማኝነት በሰሙ ጊዜ ንግዳቸውን ይዘው ወደ ሻም እንዲሄዱ ጠየቋቸው፤ አገልጋያቸው መይሰራም አብሯቸው ተጓዘ። ይህ የሆነው ከነቢይነት በፊት ነው። የመካ ሰዎች በዚያን ጊዜ «አል-አሚን»፣ ማለትም ታማኙ፣ ይሏቸው ነበር።

ይህ አማና በኋላ ከባድ ፈተና ገጥሞታል። ቁረይሾች ሊገድሏቸው ባሴሩበትና ወደ መዲና በተሰደዱበት ጊዜ (እ.ኤ.አ በ622) የመካ ሰዎች በአደራ ያስቀመጡት ንብረት በእጃቸው ነበር። ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) አደራውን ለየባለቤቱ እንዲመልሱ ወደ ኋላ እንዲቀሩ አደረጉ። የሚያሳድዳቸው ሕዝብ ንብረት ስለሆነ ልውሰደው አላሉም። ከዚህ የምንማረው፣ አማና የደንበኛውን ማንነት አይቶ የሚለወጥ አለመሆኑን ነው። ለወዳጅ ቀጥ ብሎ ለማያውቁት ሰው የሚያጋድል ሚዛን አማና አይባልም።

የሐር ነጋዴው ኢማም

ብዙዎቻችን ኢማም አቡ ሐኒፋን የምናውቃቸው በፊቅህ ነው። በ80 ዓመተ ሒጅራ በኩፋ ተወልደው በ150 ዓመተ ሒጅራ በባግዳድ ያረፉት እኚህ ታላቅ ዓሊም የሐር ጨርቅ ነጋዴም ነበሩ። ከንግዳቸው ትርፍም ዑለማእንና ተማሪዎቻቸውን ይረዱ እንደነበር የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ዘግበዋል።

ከሚነገሩላቸው ታሪኮች አንዱ እንዲህ ነው። ሐፍስ ኢብኑ ዐብዱረሕማን የሚባል የንግድ ሸሪክ ነበራቸው። አንድ ጊዜ ጨርቅ ሲልኩለት ከመካከሉ አንዱ እንከን እንዳለበት ገልጸው፣ ሲሸጠው ለገዢው እንዲናገር አሳሰቡት። ሐፍስ ግን ሳይናገር ረስቶ ሸጠው፤ ገዢው ማን እንደነበረም አላወቀም። አቡ ሐኒፋ ይህን ሲሰሙ የዚያን ዕቃ ሽያጭ ገንዘብ በሙሉ ሶደቃ አደረጉት።

እዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የንግድ መሪ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ሦስት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ እንከኑ እንዲነገር አስቀድመው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ ገዢው ካወቀ ያውቃል ብለው አልተዉትም። ሁለተኛ፣ ስህተቱ የሸሪኩ ቢሆንም «እኔ ነግሬዋለሁ» ብለው እጃቸውን አልታጠቡም፤ በስማቸው የተሸጠውን የራሳቸው ጉዳይ አደረጉት። ሦስተኛ፣ ሶደቃ ያደረጉት የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ እንጂ ትርፉን ብቻ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ከእርሳቸው ጋር የሚሠራ ሰው እንከን መደበቅ በዚህ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሴትዮዋ ጋር ያደረጉት ግብይትም እንዲሁ የታወቀ ነው። አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው አምጥታ መቶ ጠየቀች። ከዚህ በላይ እንደሚያወጣ ነገሯት። መቶ እየጨመረች አራት መቶ ደረሰች። አሁንም ከዚያ በላይ እንደሆነ ሲነግሯት ያላገጡባት መሰላት። ዋጋ የሚያውቅ ሰው እንድታመጣ አደረጉና በአምስት መቶ ገዙት። የዋጋ ዕውቀቷን ማነስ እንደ ትርፍ ምንጭ አልቆጠሩትም።

የባለቤቱ ልማድ የሱቁ ሕግ ይሆናል

ውድ አድማጮቻችን! ሠራተኛ የሚማረው በቃል ከተነገረው ይልቅ ካየው ነው። ባለሱቁ ጧት ስለ ሐላል መክሮ፣ ከሰዓት በኋላ ገንዘብ ጠያቂ ሲመጣ «የለም በለው» ብሎ ጓዳ ከገባ፣ ልጁ የያዘው የከሰዓቱን ትምህርት ነው። ዛሬ ለባለቤቱ ሲል የዋሸ ልጅ ነገ ባለቤቱን ራሱን ይዋሸዋል። በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር እንዲቀላቅል የታዘዘ ሠራተኛም ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ሥራውን ያጣል፣ ወይ ወንጀሉን ይለምዳል። እንዲህ ያለው መሪ የራሱን ወንጀል ብቻ ሳይሆን ያለመደውን ሰው ወንጀልም ተሸክሞ ይቆማል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ በተቆለለ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ርጥበት እንዳገኙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሮናል። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነ አሳወቁ። ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አልነበረም፤ እርጥብ እህል መሸጥም አልተከለከለም። ጥፋቱ ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች ማድረጉ ነው። ዛሬ ጥሩውን ቲማቲም ከላይ ደርድሮ የበሰበሰውን ከሥር የሚያደርግ ሰው ይህንኑ እየፈጸመ ነው።

በአገራችን ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ በ2011 ከወለድ ነፃ የባንክ ሥራን የሚመለከት መመሪያ ካወጣና በ2021 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ «ሙራበሓ» የሚለው ቃል በነጋዴዎቻችን ዘንድ ተለምዷል። ሙራበሓ ሻጩ ዕቃውን የገዛበትን ዋጋ ተናግሮ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ የሚሸጥበት ውል ነው። ፉቀሃእ ይህን ዓይነቱን ሽያጭ ከአማና ሽያጮች ይመድቡታል። ምክንያቱም ገዢው የሚተማመነው ሻጩ በተናገረው ዋጋ ላይ ነው። እንግዲህ ውሉ በሸሪዓ ያማረ ቢሆንም፣ ደረሰኙ ላይ የሐሰት ዋጋ ከሰፈረ አማናው ፈርሷል። «ሐላል» የሚል ሰሌዳ በራፍ ላይ መስቀል ቀላል ነው፤ ሰሌዳውን እውነት የሚያደርገው ከውስጥ ያለው ሰው ነው።

የሠራተኛ ላብ

የመሪ እሴት በግልጽ የሚታይበት ሌላው ቦታ ደመወዝ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ክፍያ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው አዘዋል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሰል ቁድሲይ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) በዕለተ ቂያማ ተከራካሪያቸው ከሚሆናቸው ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ከተቀበለ በኋላ ክፍያውን ያልሰጠ ሰው መሆኑ ተነግሯል። የሠራተኛውን ሐቅ እያዘገየ መስጂድ ለማሠራት ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ካለ ቅደም ተከተሉን ሊመረምር ይገባዋል። ሶደቃው ትርፍ ምንዳ ነው፤ ደመወዙ ግን ዕዳ ነው።

«ሌላው እያታለለ እኔ እንዴት ልኑር?»

ይህ ጥያቄ ቀላል ስላልሆነ አናልፈውም። ጎረቤቱ ሚዛን እያጎደለ በርካሽ ሲሸጥ፣ በትክክል የሚመዝነው ደንበኛ ሊያጣ ይችላል። ቤት ኪራይ አለ፤ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። እውነተኛ ነጋዴ ሁልጊዜ ይበለጥጋል ብንል ዋሽተናል። አቡ ሐኒፋ በዚያ ጨርቅ ከስረዋል እንጂ አላተረፉም።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና እንከኑን ከገለጹ ግብይታቸው በረካ እንደሚኖረው፣ ከዋሹና ከደበቁ ግን የግብይታቸው በረካ እንደሚጠፋ ነግረውናል። በረካ ማለት የገንዘቡ ብዛት ብቻ አይደለም። ትንሹ ተብቃቅቶ ቤት ሲያኖር፣ ልጅ በሐላል ሲያድግ፣ ሰው ያለ ስጋት ሲተኛ ይህ በረካ ነው። ደግሞም ስለሚያተርፍ ብቻ እውነት የሚናገር ሰው፣ ውሸት ባተረፈ ቀን ይዋሻል። አላህን ፈርቶ እውነት የሚናገር ግን በኪሳራውም ቀን ያው ሰው ነው። እሴት ከንግድ ዘዴ የሚለየው በዚህ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

ዱቤና ብድርን እንጻፍ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር የወረደ ነው። ወንድማማች ስለሆንን አያስፈልግም ማለት ወንድማማችነትን ማፍረሻ መንገድ ነው። የዕቃን እንከን ማን፣ እንዴት ለገዢው እንደሚናገር ለሠራተኞቻችን በግልጽ እንንገር፤ እውነት በመናገሩ ሽያጭ ያመለጠውን ልጅ አንቆጣው፤ እንዲያውም በሌሎቹ ፊት እናመስግነው። የደመወዝ ቀን ቆርጠን እንጠብቅ። ሚዛናችንን ራሳችን እንፈትሽ፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን የምትጀምረው ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን በማስጠንቀቅ ነውና። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ ከገንዘብ ሒሳቡ ጎን የነፍሳችንን ሒሳብ እንያዝ።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ከደጋግ ቀደምቶቻችን ሚስቶች ባሎቻቸው ለሥራ ሲወጡ፣ ከሐራም ገቢ እንዲጠነቀቁና እነርሱ ረሃብን እንጂ እሳትን እንደማይችሉ ይነግሯቸው እንደነበር ተወርቷል። ዛሬ ባል ማታ ሲገባ «ስንት አገኘህ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «እንዴት አገኘኸው?» የሚል ጥያቄ በፍቅር ቢጨመር፣ ብዙ ሱቆቻችን ሳይከፈቱ ይስተካከላሉ። ቤት ውስጥ ከአቅም በላይ የሚጠየቅ ነገርም አንድን ደካማ ሰው ወደ ሐራም ሊገፋው እንደሚችል አንርሳ።

አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን፤ በእጃችን ያሉትን ሰዎች ሐቅ ከምንጠብቅ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።