ለየትኛው አሮጌ ጨዋታ አዲስ ልብስ ይገባዋል?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኮምፒዩተር ጨዋታ ንግድ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። ይኸውም ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተወደደውን ጨዋታ ከመደርደሪያ አውርዶ፣ ሥዕሉን አሳምሮ፣ ድምፁን አጥርቶ እንደ አዲስ መሸጥ ነው። በ2006 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) የወጣው «ኦብሊቪየን» በ2025 ታድሶ ተመለሰ። በ1997 የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ ሰባት» ደግሞ እንደ አዲስ ሲሠራ አንድ መሆኑ ቀርቶ ሦስት እንዲሆን ተወሰነና የመጀመሪያው ክፍል በ2020፣ ሁለተኛው በ2024 ለገበያ ቀረበ። ሥራው ገንዘብ የሚያስገኝ ስለ ሆነ በቶሎ የሚቀር አይመስለንም። እንግዲያው ማደሱ ካልቀረ፣ መታደስ የሚገባው የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ለተጫዋቹ ሊፈቀድለት ይገባል።

የምንናገረው ስለ ሚና ጨዋታዎች ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቹ የአንድ ሰው ስምና ጠባይ ይዞ አገር ለአገር እየዞረ፣ ከሰው እየተነጋገረ፣ እየተዋጋና እየተማረ ታሪኩን በራሱ ምርጫ ይመራል። በእኛ አስተያየት ነጋዴዎቹ በዚህ ረገድ የያዙት ሚዛን የተገለበጠ ነው። የሚያድሱት አስቀድሞ የተሳካለትን፣ ስሙ የገነነውን፣ ዛሬም ቢሆን ማንም ከፍቶ ሊደሰትበት የሚችለውን ነው። እንደ አዲስ መሠራት የሚገባው ግን ትልቅ ነገር አስቦ፣ የዘመኑ መሣሪያ ወይም የሠሪዎቹ ኪስ ስላልቻለ ሐሳቡን ሳይፈጽም የቀረው ነው። ለተሳካለት ጨዋታ ጠባቂ ይበቃዋል።

በዚህ ሚዛን ብንመዝን ከሁሉ አስቀድመን የምንጠራው በ1985 በአሜሪካ የወጣውን «ኡልቲማ አራት»ን ነው። ይህ ጨዋታ ሲወጣ እኛ ገና አልተወለድንም፤ ስለዚህ የልጅነት ናፍቆት ነው የሚያናግራችሁ የሚለን አይኖርም። ሠሪው ሪቻርድ ጋሪየት ከዚያ በፊት ባወጣቸው ጨዋታዎች ተጫዋቹ ክፉውን ባላጋራ ለማጥፋት ሲል ሱቅ ቢዘርፍ፣ ያገኘውን ምስኪን ቢገድል የሚጠይቀው አልነበረም። ከተጫዋቾችና ከወላጆች የደረሱት ደብዳቤዎች ነገሩን እንዲያስብበት አደረጉት። በአራተኛው ጨዋታ በመጨረሻ ላይ የሚገደል የክፋት አለቃ የለም። የተጫዋቹ ሥራ እውነተኛነትን፣ ርኅራኄን፣ ጀግንነትን፣ ፍትሕን፣ መሥዋዕትነትን፣ ክብርን፣ መንፈሳዊነትንና ትሕትናን በተግባር ፈጽሞ ለሕዝቡ አርአያ የሚሆን ሰው መሆን ነው።

ይህ እንዲህ ሲነገር ስብከት ይመስላል። አሠራሩን ያየ ሰው ግን ሂሳብ መሆኑን ይረዳል። ኮምፒዩተሩ ለያንዳንዱ ምግባር አንድ ስውር ቍጥር ይዟል። ተጫዋቹ ለለማኝ ሲመጸውት የርኅራኄው ቍጥር ከፍ ይላል፤ በሐኪም ቤት ደሙን ሲለግስ የመሥዋዕትነቱ ይጨምራል፤ ከጠላት ሲሸሽ የጀግንነቱ ይጐድላል። ሰው በመንገድ አግኝቶ ስለ ራሱ ሲጠይቀው ቢመካ ደግሞ ከትሕትናው ይቀነስበታል። ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው በ1985 መኖሩ ያስደንቀናል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን የዐይነ ስውሯ ነጋዴ ነገር ነው።

በከተሞቹ ውስጥ ለአስማት የሚሆን ሥራሥርና ቅጠላ ቅጠል የምትሸጥ ዐይነ ስውር ሴት አለች። ዋጋውን እርሷ ትናገራለች፤ ገንዘቡን ቈጥሮ የሚሰጣት ግን ተጫዋቹ ራሱ ነው። አንድ ወርቅ ብቻ ቢሰጣት ዕቃውን ይዞ በሰላም ይወጣል። ዘበኛ አይጠራበትም፤ በስክሪኑም ላይ «እውነተኛነትህ ጐደለ» የሚል ጽሕፈት አይወጣም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ቤተ መንግሥት ሄዶ ሐውክዊንድ የሚባለውን ባለ ራእይ ሲጠይቅ ነው መንገዱን መሳቱን የሚሰማው። በዚያን ጊዜም ቢሆን የትኛው ሥራው እንደ ቈጠረበት ራሱ መርምሮ ማግኘት አለበት። የዛሬዎቹ ጨዋታዎች ገና እጃችንን ስንዘረጋ ቅጣቱንና ሽልማቱን በቀለም ጽፈው ያሳዩናል። ስለዚህ ተጫዋቹ መልካም የሚሠራው ሰሌዳውን እያየ ነው።

ታዲያ ጨዋታው ይህን ያህል መልካም ከሆነ ምን ጐድሎት ነው እንደ አዲስ የሚሠራው ይባል ይሆናል። የጐደለው ቦታ ነው። ጨዋታው በሙሉ ከአንድ ሜጋባይት ያነሰ ነበር፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ ይበልጣል። በዚህ ጠባብ ስፍራ ውስጥ የከተማው ሰው ከጥቂት ዓረፍተ ነገር በላይ ሊናገር አይችልም። ዐይነ ስውሯ ብትታለል ጎረቤቷ አይሰማም፤ የሰረቅናት እኛ ነገ ተመልሰን ስንመጣ በትናንቱ ድምፅ ትቀበለናለች። የዋሻዎቹ ውጊያ ረጅምና አሰልቺ ነው። ከጥልቁ ወርዶ ለመጨረሻው ጥያቄ የተሳሳተ መልስ የጻፈ ሰው ደግሞ ወደ ላይ ተወርውሮ ያን ሁሉ መንገድ እንደገና ይወርዳል፤ ይህስ ምግባርን ሳይሆን ትዕግሥትን ብቻ መፈተን ነው። በዛሬ መሣሪያ ለያንዳንዱ ሰው ትዝታ መስጠት ይቻላል። ነጋዴዋ ለልጇ፣ ልጇ ለጎረቤት፣ ጎረቤትም ለገበያው ሲያወራ፣ ተጫዋቹ ከሦስተኛው ከተማ ሲደርስ ሁሉ ሰው ፊቱን የሚያዞርበት ለምን እንደ ሆነ ግራ ቢገባው ጋሪየት ያሰበው ነገር ተፈጸመ ማለት ነው።

ሙከራ ተደርጎ ነበር። የኦሪጅንን ኩባንያ በ1992 የገዛው ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2013 «ኡልቲማ ፎርኤቨር» የሚል ጨዋታ ለስልክና ለታብሌት አወጣ፤ መነሻውም ይኸው አራተኛው ኡልቲማ ነበር። ጨዋታው በነጻ ይሰጥ ነበር፤ የሣጥኖቹ መክፈቻ ቁልፍ ግን በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ስለ መሥዋዕትነትና ስለ ትሕትና የሚናገር ጨዋታ በየሣጥኑ ሥር ቁልፍ ሻጭ አስቀምጦ ነበር ማለት ነው። በ2014 ተዘጋ፤ እኛም አላዘንንም።

ሁለተኛው ምርጫችን በ2001 የወጣው «አርካነም» ነው። ሠሪው ትሮይካ የሚባለው አነስተኛ ድርጅት ሲሆን መሥራቾቹ ቀደም ሲል በ1997 «ፎልአውት»ን ከሠሩት መካከል ቲም ኬይን፣ ሊዮናርድ ቦያርስኪና ጄሰን አንደርሰን ነበሩ። ታሪኩ የሚጀምረው አንድ የአየር መርከብ ተመትቶ ሲወድቅ ነው፤ ከወደቀው መርከብ የሚተርፈው ተጫዋቹ ነው። የደረሰበት አገር ግን እንደ ሌሎቹ የተረት አገሮች ቆሞ የቀረ አይደለም። ባቡር ተዘርግቷል፤ ፋብሪካ ተተክሏል፤ ጠመንጃ እንደ ልብ ይሸጣል፤ አስማተኞቹም ገና አልጠፉም። የጨዋታውም ዋና ሐሳብ ሁለቱ በአንድ ስፍራ አለመስማማታቸው ነው። አስማቱ የበረታ ሰው ሞተሩን እንዳያበላሽ ተብሎ ከባቡር እንዳይሳፈር ይከለከላል። በአንጻሩ በመሣሪያ ጥበብ የበሰለ ሰው ቢቈስል የአስማት ፈውስ እምብዛም አይሠራለትም። ተጫዋቹ አንዱን መንገድ በመረጠ ቍጥር የሌላው በር ይጠብበታል።

ይህ ብቻ አይደለም። ታራንት በምትባለው ትልቅ ከተማ የፋብሪካ ጌታና የተበደሉ ሠራተኞች አሉ፤ ተጫዋቹም በጠቡ መካከል ገብቶ ወገን ይለያል። የከተማው ጋዜጣ የተጫዋቹን ሥራ ያትማል (እኛ የጋዜጣ ሰዎች ይህን ስናይ ደስ ያለን ቢሆን አይፈረድብንም)። ገጸ ባሕርዩን አእምሮው ደካማ አድርጎ የፈጠረ ተጫዋች ንግግሩ ሁሉ ተለውጦ ያገኘዋል፤ ሰዎቹም እንደዚያው ይመልሱለታል። ሙዚቃው በአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ የተደረሰ ነው፤ ከመለከትና ከከበሮ ጋጋታ ይልቅ ለዚያ የጢስና የብረት ዘመን ተስማምቶታል።

እንዲህ ያለው ሐሳብ የተቀመጠበት አካል ግን የታመመ ነበር። ጨዋታው ከነብዙ ስሕተቱ ወጣ። ውጊያው በተራ በተራም ሳይቋረጥም እንዲሠራ ተብሎ በሁለቱም አልተሳካም። «ጉዳት» የሚል ስም ያላት አንዲት የመጀመሪያ ደረጃ አስማት ሁሉን ትገድላለች፤ ጠመንጃ የያዘው ምስኪን ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከተኵላ ጋር ይታገላል። ስለዚህ በሐሳብ ደረጃ እኩል የሆኑት ሁለት መንገዶች በተግባር አንዱ ደልዳላ፣ አንዱ አቀበት ሆኑ። ትሮይካም ሦስት ጨዋታ ብቻ አውጥቶ በ2005 ተዘጋ። ውጊያውን አስተካክሎ፣ የመሣሪያ ጥበቡን ከአስማቱ ጋር አመጣጥኖ የሚያወጣው ቢገኝ፣ የቀረውን መንካት አያስፈልገውም።

ታዲያ የማይነካውስ? በ1999 የወጣውን «ፕሌንስኬፕ ቶርመንት»ን እንደ አዲስ ይሠራ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን አንስማማም። ሞት እንቢ ያለው፣ ስሙንም የረሳ ሰው ማን እንደ ነበረ ሲፈልግ የሚያሳየው ይህ ጨዋታ ከሞላ ጐደል መጽሐፍ ነው፤ ስምንት መቶ ሺህ ያህል ቃላት አሉት ይባላል። የዛሬ ልማድ እያንዳንዱ ንግግር በተዋናይ ድምፅ እንዲነገር፣ እያንዳንዱም ፊት እንዲንቀሳቀስ ያስገድዳል፤ ይህም በቃል ብዛት ገንዘብ ያስከፍላል። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቈረጠው ቃሉ ነው። በ2023 የወጣው «ባልደርስ ጌት ሦስት» ብዙ ቃል በድምፅ ማሰማት እንደሚቻል አሳይቷል፤ እርሱ ግን ለዚሁ ተብሎ ከመሠረቱ የተጻፈ አዲስ ሥራ ነው። ቶርመንት በ2017 ለዛሬ ስክሪን እንዲስማማ ተደርጎ ወጥቷል፤ ይበቃዋል።

የአጠባበቁን ነገር በተመለከተ የ«ዊዛርድሪ»ን አብነት እንወዳለን። በ1981 የወጣው ይህ ጨዋታ በጃፓን ሳይቀር ብዙ ተከታይ ያፈራ የሁሉ አባት ነው። ዲጂታል ኢክሊፕስ የተባለው ድርጅት በ2024 ሲያወጣው አሮጌውን ኮድ ከሥር እንዳለ ትቶ አዲሱን ሥዕል ከላይ አለበሰው። ተጫዋቹ ከፈለገ የጥንቱን የአፕል ኮምፒዩተር ገጽታ እየተጫወተ ሊያይ ይችላል። አዲሱ ሙዚቃውም በ2025 የግራሚ ሽልማት አገኘ።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ግን አሮጌው ኮድ ሲገኝ ነው። ኮድ ማለት ሠሪዎቹ የጻፉት ዋናው መመሪያ ሲሆን፣ ከሱቅ የምንገዛው ጨዋታ ከዚያ የተጋገረ ዳቦ ነው፤ ከዳቦው ተነሥቶ ወደ ዱቄቱ መመለስ ከባድ ነው። በ2002 የወጣውን «አይስዊንድ ዴል ሁለት»ን ቢምዶግ የተባለው ድርጅት እንደ ሌሎቹ ሊያድሰው ፈልጎ ኮዱ ጠፍቶ ስለ ተገኘ ሥራው ቀረ። ቲም ኬይን በ2025 እንደ ተናገረው ደግሞ «ፎልአውት»ን ያሳተመውን ድርጅት ሲለቅ የያዘውን ሁሉ እንዲያጠፋ ታዝዞ ነበር። የፎልአውት ኮድ የተረፈው ሬቤካ ሃይነማን የተባለች ፕሮግራመር ቅጂውን አኑራ ስለ ነበረ ነው፤ መትረፉንም በዚያው በ2025 ገለጠች። እርሷም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ዐረፈች። ድርጅት ያላኖረውን አንዲት ሴት አኖረችው።

ኮድ ባይገኝ ተስፋ የማይቈርጡም አሉ። በ1996 የወጣው «ዳገርፎል» ከመጠን ያለፈ ሰፊ አገር ይዞ በስሕተት ብዛት የታመሰ ጨዋታ ነበር። ቤተዝዳ በ2009 በነጻ ለቀቀው፤ ከዚያም በፈቃዳቸው የተሰበሰቡ ሰዎች ዓመታት ደክመው ዋናውን ሞተር ከሥሩ ጻፉትና በ2023 መጨረሻ ሙሉውን በነጻ አወጡ። እንደ እኛ ሚዛን መታደስ ከሚገባቸው አንዱ ይህ ነበር፤ ገበያው ሳያስበው ወዳጆቹ ሠሩት።

አንድ ነገር በጎን እናንሣ። የታደሰው «ኦብሊቪየን» 125 ጊጋባይት ያህል ስፍራ ይፈልጋል። በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ በስልክ ዳታ ለሚኖር ተማሪ ይህን ማውረድ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። አሮጌዎቹ ጨዋታዎች ግን በቢሮ ጥግ በተጣለ ኮምፒዩተር ላይ እንኳ ይሠራሉ። ስለዚህ ማንም የሚያድስ ቢኖር አሮጌውን ከገበያ እንዳያወጣ እንለምነዋለን።

ወደ ምርጫችን ስንመለስ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ አስቀድሙ ብንባል «አርካነም»ን እናስቀድማለን። «ኡልቲማ አራት» በሐሳብ ይበልጣል፤ ባለቤቱ ግን አንድ ጊዜ ሞክሮ ቁልፍ ሲሸጥ አይተነዋል። «አርካነም» በአክቲቪዥን ስም ሲሸጥ የኖረ ነው፤ አክቲቪዥንን ደግሞ ማይክሮሶፍት በ2023 ገዛው። ይኸው ማይክሮሶፍት በ2018 ኦብሲዲያን የተባለውን ድርጅት ገዝቶ ነበር። በኦብሲዲያን ቤት በ2019 «አውተር ወርልድስ»ን የመሩት ቲም ኬይንና ሊዮናርድ ቦያርስኪ ናቸው።