ባትሪ ሲሞላ ሙቀቱ ለምን ይለካል?

በመኪና ውስጥና በሶላር መብራት የምናውቀው ባለ 12 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪ 6 ሴሎች አሉት። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙውን ጊዜ እስከ 14.4 ቮልት ድረስ ቻርጅ ይደረጋል። ይህ ልክ ግን ለሰመራ ሙቀትና ለደብረ ብርሃን ብርድ እኩል አይሠራም። ባትሪው ሲሞቅ ኬሚካዊ ሂደቱ ስለሚፈጥን በዚያው ቮልቴጅ ተጨማሪ ከረንት ይስባል፤ ከረንቱ ደግሞ መልሶ ያሞቀዋል። ካልተገታ ውሃው ያልቃል፣ ባትሪውም ያብጣል።

ስለዚህ ጥሩ ቻርጀር ሙቀቱ 1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ለእያንዳንዱ ሴል ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ይቀንሳል። በ4 ሚሊቮልት ብናሰላው፣ በ40 ዲግሪ 14.4 የነበረው ወደ 14.04 ቮልት ይወርዳል። በብርድ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል፤ አለዚያ ባትሪው ሳይሞላ ይቀራል።

የሙቀት መለኪያው መለጠፍ ያለበት በራሱ በባትሪው ጎን ላይ እንጂ በክፍሉ ግድግዳ ላይ አይደለም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ባትሪው ውስጡ ሊግል ይችላልና። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ጋዙ ከአየሩ 4 በመቶ ከሆነ ብልጭታ ብቻ ያቀጣጥለዋል። መስኮት ክፈቱ፤ እሳት አታቅርቡ። ባትሪው 50 ዲግሪ ከደረሰ መጀመሪያ ቻርጀሩን አጥፉ፣ ከዚያ ገመዱን ንቀሉ።